የማያስፈልግ በርና መስኮት በብሎኬትና በሲሚንቶ ስለመድፈን

በዚህ የሙያ ትምህርት ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ብዙዎቻችሁ በየአጋጣሚው የምትጠይቁን ነው። የተከራየነው ቤት ሁለት በር አለው፣ አንዱ አይዘጋም። መስኮቱ መዝጊያ የለውም፣ በሐምሌና በነሐሴ ነፋስ አቧራው ወጥ ውስጥ ይገባል። በግድግዳው ቀዳዳ ሌባ እጁን ሰዶ ልብስ ወሰደ። ታዲያ እንድፈነው ወይ? ብንደፍነውስ በምን? እንግዲህ በሐርጌሳ ተከራይታችሁ የምትኖሩም ሆናችሁ በመጠለያ ያላችሁ፣ ይህን ሥራ ግንበኛ ሳትቀጥሩ በራሳችሁ እጅ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ነገር ግን ሥራው የእጅ ሥራ ብቻ አይደለም። ሳያስቡ የተደፈነ መስኮት ሰው ይገድላል። ስለዚህ ወደ ሲሚንቶው ከመድረሳችን በፊት ጥቂት እንድታነቡን እንለምናለን።

ሐርጌሳ ቀዳዳ መድፈን የምታውቅ ከተማ ናት። በግንቦት 1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1988) የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ወደ ከተማዋ ሲገቡ የሲያድ ባሬ መንግሥት በመድፍና በአውሮፕላን ደበደባት። አውሮፕላኖቹ ይነሱ የነበረው ከራሷ ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። አብዛኛው ቤት ፈረሰ፤ ግድግዳው የቆመውም ቢሆን ጣሪያው፣ በሩና መስኮቱ ተነቅሎ ተወሰደ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ከጅጅጋ ወዲያ የነበረው የሐርትሼክ መጠለያ በአንድ ወቅት ከዓለም ታላላቅ የስደተኞች መጠለያዎች አንዱ ነበር፤ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሰዎቹ ሲመለሱ የጠበቃቸው ቀዳዳ ብቻ የቀረው ግድግዳ ነበር። በድንጋይ፣ በብሎኬት፣ በቆርቆሮ እየወተፉ ኖሩበት። እኛ ዛሬ ከምንከራያቸው ቤቶች አንዳንዶቹ እነዚያው ናቸው፤ አከራያችንም በእኛ አገር ድንኳን ውስጥ ያደገ ሰው ሊሆን ይችላል። ከባለቤቱ ጋር ስትነጋገሩ ይህን ማስታወስ አይከፋም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የቆየ ግድግዳ ስትጠርቡ ወይም ለአሸዋ ወንዝ ዳር ስትቆፍሩ የማታውቁት ብረት ካገኛችሁ አትንኩት፣ በመዶሻም አትምቱት። ልጆችን አርቃችሁ ለሠፈሩ ሽማግሌ ወይም ለፖሊስ አመልክቱ። ፈንጂ አምካኙ ሃሎ ትረስት እ.ኤ.አ. በ1999 በሶማሌላንድ ሥራ የጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከመድፈን በፊት

መጀመሪያ ፈቃድ። ግድግዳው የአከራዩ ነው። በቃል «እሺ» ብሎ ሲያበቃ በወሩ መጨረሻ «ቤቴን አበላሻችሁ» የሚል አለ፤ አለመግባባቱም የሚመጣው ብዙ ጊዜ በቋንቋ ምክንያት ነው። ሶማልኛ የሚያውቅ ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ የትኛው በር (አልባብ)፣ የትኛው መስኮት (ዳቃድ) እንደሚደፈን በጣት አሳዩ። ወጪው ከኪራይ ይታሰብ እንደሆነም ያን ጊዜውኑ ተስማምታችሁ ሁለት ምስክር ባለበት በወረቀት ይስፈር። ጎረቤቱ በዚያ በር በኩል ውኃ የሚያስገባ ከሆነ ወይም መስኮቱ የእሱን ግቢ የሚያይ ከሆነ እሱንም ጠይቁ።

ቀጥሎ አየር። በዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

ቤታችን አንድ ክፍል ነው። እዚያው እንተኛለን፣ እዚያው ቡና እናፈላለን፣ ዝናብ ሲሆን እዚያው እንቀቅላለን። የሐርጌሳ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ስለሚጠጋ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ ያን ጊዜ የከሰል ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት የተለመደ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ጭስ አለመሆኑን ልብ በሉ። ከሰሉ በደንብ ፈክቶ ቀይ ሆኖ ጭሱ ከጠፋ በኋላም ጋዙ ይወጣል፤ «ፈክቷልና አይጎዳም» የሚሉት ስሕተት ነው። ሰው ሲተነፍሰው በደም ውስጥ ኦክሲጅን በሚሸከመው ነገር ላይ ይጣበቃል፤ አጣባበቁም ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ የበረታ ነው። ስለዚህ ደሙ ኦክሲጅን መሸከም ያቅተዋል። የመጀመሪያው ምልክት ራስ ምታት ነው፤ ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ይከተላል። ተኝቶ የነበረ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ እንደተኛ ይቀራል። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ቶሎ ይጎዳሉ።

ከእኛ ከአዘጋጆቹ አንዱ ይህን በራሱ ቤት አይቷል። አቧራ ለመከላከል ሲል ከአልጋው በላይ የነበረችውን ትንሽ መስኮት ደፈነ። ሥራው ያማረ ነበር፣ ሰው ሁሉ አመሰገነው። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ማታ ቡና ተፈልቶ ምድጃው ከነእሳቱ ጥግ ላይ ቀረ። ሌሊት ሕፃኗ አስመለሳት፤ እናቷ ልታነሣት ስትል ጉልበቷ ከዳት። ሁሉም ራሳቸውን ያማቸው ነበርና ከምግቡ ነው አሉ። በሩን የከፈተው ወደ ሽንት ቤት ለመውጣት የተነሣ እንግዳ ነው። ደጅ ወጥተው አየር ሲያገኙ ነቁ። በማግሥቱ ያቺን የተደፈነች መስኮት በመሮ አፈረሳት፤ ምስማሩ ዛሬም ልብስ ይሰቀልበታል፣ መስኮቷ ግን ክፍት ናት።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ በምንም ዓይነት አትተኙ፤ ምድጃው ከመኝታ በፊት ወደ ደጅ ይውጣ። ባልዲ ውኃ አጠገቡ ማስቀመጥ፣ ዕጣን ማጨስ፣ በሩን ገርበብ ማድረግ መድኃኒት አይሆንም። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ምግቡን ከመጠርጠር በፊት ሁሉንም ወደ ደጅ አውጡ፤ ያልነቃ ሰው ካለ ፈጥናችሁ ሐኪም ቤት አድርሱ። መስኮት ስትደፍኑም የሚቀረው የሚከፈት መስኮት ከክፍሉ ወለል ስፋት ከአሥር አንድ እጅ እንዳያንስ ተጠንቀቁ። ክፍሉ 3 በ4 ሜትር ከሆነ ወለሉ 12 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 የሚሆን የሚከፈት መስኮት ይቅር ማለት ነው። በተቻለ መጠን አየሩ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ክፍቶች ቢኖሩ ይሻላል። ይህ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ ላለበት ቤት ደግሞ በጣም አስፈላጊ ነው።

ሦስተኛው ነገር መውጫ ነው። ሁለት በር ያለው ቤት በእሳት ጊዜ ሁለት መውጫ አለው። አንዱን ስትደፍኑ የቀረው በር ከምድጃው አጠገብ እንዳይሆን፣ የቀረው መስኮትም ሰው የማያሳልፍ ፍርግርግ ብቻ እንዳይሆን ተመልከቱ። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ማታ የሐርጌሳው የዋሄን ገበያ እንዴት እንደነደደ ያየ ሰው ይህን ትርፍ ምክር አይለውም።

ሌባውና አቧራው ግን እውነተኛ ችግር ነውና ሁሉንም ክፍት ተዉት አላልንም። ብዙ ጊዜ የሚበጀው በሩን ጨርሶ መድፈን ሳይሆን የታችኛውን 90 ሴንቲሜትር ገንብቶ የላይኛውን መስኮት ማድረግ ነው። የግንቡ ወጪ ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ብርሃኑም አይጠፋም። አዲስ ተሸካሚም አያስፈልገውም፤ የድሮው በር ጫፍ ላይ ያለው አርክትራቭ እንዳለ ይቆያልና። የላይኛውን ክፍል ገንብታችሁ የታችኛውን ክፍት ልትተዉ ካሰባችሁ ግን ከሥሩ አዲስ አርክትራቭ የግድ ነው። ያለዚያ ግንቡ ራስ ላይ ይወርዳል።

ዕቃው

ሐርጌሳ ላይ ከተቃጠለ የሸክላ ጡብ ይልቅ ብሎኬትና ድንጋይ በቀላሉ ይገኛል፤ ስለዚህ ስሌታችንን በብሎኬት አድርገናል። በሩ 90 ሴንቲሜትር በ2 ሜትር ከ10 ይሁን። ስፋቱ 1.89 ካሬ ሜትር ነው። ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 20 ሴንቲሜትር የሆነ ብሎኬት ለአንድ ካሬ ሜትር 12 ያህል ይገባል፤ ስለዚህ የሚሰበረውን ጨምሮ 25 ግዙ። አገር ቤት የለመድነው 25 በ12 በ6 ሴንቲሜትር የሆነው ጡብ ከተገኘ በካሬ ሜትር 55 ያህል ስለሚሆን 115 ይበቃል። ለግንቡና በሁለቱም ፊት ለሚለሰነው ልስን አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶና በ20 ሊትር ጀሪካን የተለካ ሰባት ጀሪካን አሸዋ ይበቃል።

ሲሚንቶውን ስትገዙ ከረጢቱን ከውጭ ዳብሱት። ያበጠና የጠጠረ ከሆነ እርጥበት ገብቶታልና ተዉት። በጣት ሲነኩት የሚፈርስ እብጠት ብቻ ከሆነ ግን ሊሠራበት ይችላል። ቤት ስታደርሱት መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ከእንጨት በላይ አድርጋችሁ በላስቲክ ሸፍኑት።

ከአሸዋ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ከደረቅ ወንዝ የሚወጣው አሸዋ አፈር ይበዛዋል፣ አፈር የበዛበት ግንብ ደግሞ ይፈረካከሳል። መሞከሪያው ቀላል ነው። የሚያሳይ የውኃ ጠርሙስ ወስዳችሁ እስከ ግማሽ አሸዋ ጨምሩበት፣ ውኃ ሙሉበት፣ ትንሽ ጨው ጣል አድርጉና በኃይል ነቅንቃችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት አቆዩት። አሸዋው ከታች፣ ደቃቁ አፈር ከላይ ይረጋል። የአፈሩ ውፍረት ከአሸዋው አሥረኛ እጅ ከደረሰ አሸዋው መታጠብ አለበት። ከበርበራ ባሕር ዳር የመጣ አሸዋ ከሆነ ጨው አለውና ሳይታጠብ አትጠቀሙበት። ውኃውም የሚጠጣ ዓይነት ይሁን፤ የጨው ጉድጓድ ውኃ ግድግዳው ላይ ነጭ እየሆነ ይወጣል፣ ብረትም ያዝጋል።

ሌላው ዕቃ አካፋ፣ የግንበኛ ማንኪያ፣ መዶሻና መሮ፣ ሲባጎ፣ ባልዲ፣ ቱንቢና ውኃ ልክ ነው። ቱንቢ ከሌላችሁ ጥሩ ሲባጎ ላይ ከባድ ብሎን እሰሩ፤ ያው ነው። ውኃ ልክ ለሌለው የምግብ ዘይት ጠርሙስ በግማሽ ውኃ ሞልቶ ማጋደም ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እኛ ሞክረን አልወደድነውም፣ ከጎረቤት መዋስ ይሻላል።

ሥራው

አሮጌውን የበር ፍሬም አውጡ። ከማውጣታችሁ በፊት ግን ከበሩ በላይ ያለውን ተመልከቱ። ከማዕዘኑ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ተሸካሚው ምስጥ የበላው እንጨት ከሆነ፣ ፍሬሙ ራሱ ግድግዳውን ተሸክሞ ይሆናልና አትንኩት፤ ግንበኛ ጥሩ።

ቤቱ የጭቃ ወይም የቆርቆሮ ከሆነ ይህ ትምህርት አይመለከተውም። ሲሚንቶ ከጭቃ ግድግዳ ጋር አይያያዝም። ለዚያ ጭድ ያለበት ጭቃና የጭቃ ጡብ ይሻላል።

ከክፍቱ ግራና ቀኝ 10 ሴንቲሜትር ያህል ልስኑን ጠርባችሁ ድንጋዩ ወይም ብሎኬቱ እስኪታይ አጽዱ። በሩ የቆመበትን ወለል እዩ፤ ልል አፈር ከሆነ ጠንካራው መሠረት እስኪገኝ ቆፍሩ። አፈር ላይ የተቀመጠ ግንብ በመጀመሪያው የሚያዝያ ዝናብ ይሰምጣል። ከመጀመሪያው ረድፍ በታች ጠንካራ ላስቲክ ብታነጥፉ እርጥበት ወደ ላይ እንዳይወጣ ያግዛል።

አሁን ብሎኬቱን ያለ ሲሚንቶ ሁለት ረድፍ ደርድራችሁ ሞክሩ። የት እንደሚቆረጥ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ሁለት ሙሉ ብሎኬት አስገብታችሁ በቀረው ጠባብ ቦታ ስንጣሪ ከመወተፍ ቁራጮቹን ሰፋ አድርጋችሁ ብታካፍሉ ይሻላል። የላይኛው ረድፍ መጋጠሚያ ከታችኛው መጋጠሚያ ላይ አይረፍ፤ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ይራቅ።

ድብልቁ አንድ ባልዲ ሲሚንቶ ለአራት ባልዲ የተነፋ አሸዋ ነው። በደረቁ ቀለሙ አንድ እስኪሆን ሦስት ጊዜ አገላብጡ፣ ከዚያ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። በእጅ ሲጨብጡት ቅርጹን የሚይዝ፣ በጣቶች መካከል የማይፈስ ይሁን። ብዙ ሰው ለእጁ እንዲቀልለው ውኃ ያበዛበታል፤ ግንቡ የሚሰነጠቀው ከዚህ ነው። በሐርጌሳ ፀሐይ የተቦካ ሲሚንቶ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይምና ከረጢቱን በሙሉ በአንድ ጊዜ አታቡኩ። መጠንከር የጀመረውን ውኃ ጨምሮ ማለስለስ ክልክል ነው፤ ይጣል። የተቦካ ሲሚንቶ ቆዳ ይበላል። እጃችሁን በጓንት ወይም በላስቲክ ሸፍኑ፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ እጠቡ።

የሸክላ ጡብ ከሆነ ከመገንባቱ በፊት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፍ፤ ያለዚያ የሲሚንቶውን ውኃ መጥጦ ያደርቀዋል። ብሎኬት ግን አይዘፈዘፍም፤ የራሰ ብሎኬት ሲደርቅ ይሸበሸባልና ግንቡን ይሰነጥቀዋል። ፊቱን በውኃ ረጨት ማድረግ ይበቃል። የድሮውን ግድግዳ ጎን ግን በደንብ አጥቡት።

መጋጠሚያው ሁሉ 1 ሴንቲሜትር ይሁን። ከሁለቱ ጎኖች ጀምራችሁ ወደ መካከል ግቡ፤ ሲባጎ ወጥራችሁ በየረድፉ በቱንቢ እዩ። አሁን ሰዎች የሚዘሉትን ነገር እንንገራችሁ። አዲሱ ግንብ ከአሮጌው ጋር ካልታሰረ በራሱ የቆመ ሳንቃ ነው። ባለፈው ጊዜ በአንድ ግቢ ልጆች ኳስ ሲመቱ የተደፈነው በር እንዳለ ወደ ውስጥ ወደቀ፤ ከሥሩ ፍራሽ ተነጥፎ ነበር፣ ደግነቱ ሰው አልነበረበትም። ሲታይ ከጎን ምንም የያዘው ነገር አልነበረም። ስለዚህ በየሁለቱ የብሎኬት ረድፍ፣ በሁለቱም ጎን፣ 6 ሚሊሜትር ፌሮ 15 ሴንቲሜትር ያህል አሮጌው ግድግዳ ውስጥ ይግባ፣ 30 ሴንቲሜትሩ ደግሞ በአዲሱ መጋጠሚያ ውስጥ ይቀበር። ቀዳዳው በመሮ ተበስቶ፣ ታጥቦ፣ በሲሚንቶ ይሞላል። ፌሮ ያጣ ሰው የአሮጌውን ግድግዳ ጎን በየሁለተኛው ረድፍ ጥርስ አውጥቶ ብሎኬቱን እዚያ ማስገባት ይችላል፤ ሥራው ግን ይከብዳል።

በአንድ ቀን ከስድስት ረድፍ በላይ አትውጡ። ከታች ያለው ሳይጠነክር ክብደት ከበዛበት ይገፋል። በማግሥቱ ቀጥላችሁ ጫፍ ስትደርሱ የመጨረሻውን ረድፍ ብሎኬት በመጠኑ ቁረጡትና ከአርክትራቩ በታች 2 ሴንቲሜትር ክፍት ይቅር። አዲስ ግንብ ሲደርቅ ጥቂት ይወርዳልና ይህን ክፍተት ወዲያው ብትሞሉት ተመልሶ ይከፈታል። ሁለት ቀን ቆይታችሁ ደረቅ ያለ ድብልቅ በእንጨት እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት።

ከዚያ ውኃ ማጠጣት ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በውኃ እንጂ በፀሐይ አይደለም፤ ፀሐይ የሚያደርቀው ግንብ በጣት ይፈርሳል። ጆንያ ሰቅላችሁ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ሰባት ቀን አርጥቡ። ውኃ ውድ መሆኑን እናውቃለን፤ ልብስ ያጠባችሁበት የመጨረሻው እጣቢ፣ ሳሙና ከሌለው፣ ለዚህ ይበቃል።

ልስኑ ከሳምንት በኋላ ነው። አዲሱና አሮጌው ግድግዳ በሚገናኙበት መሥመር ላይ በሁለቱም በኩል 10 ሴንቲሜትር የሚደርስ የሽቦ መረብ በምስማር ምቱ፤ ያለ እሱ እዚያ ላይ ስንጥቅ መውጣቱ አይቀርም። መጀመሪያ ቀጠን ያለ ሲሚንቶና አሸዋ በማንኪያ ርጩበት፣ በማግሥቱ አንድ ለአራት በሆነው ድብልቅ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ለስኑ፣ በእንጨት አስተካክሉ። እሱንም ሦስት አራት ቀን አርጥቡ። ኖራ ወይም ቀለም ለመቀባት ግን ግድግዳው በደንብ እስኪደርቅ፣ ማለት ቀለሙ አመድማ ሆኖ አንድ ዓይነት እስኪሆን፣ ሦስት ሳምንት ያህል ጠብቁ።